በየአሥር ዓመቱ አንድ ደም መጣጭ

«አንተ የልጆች አባት ነህ። እሷ ማን አላት?»

ብሩክታዊት ይህን የሰማችው ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ለንደን፣ ስቶክዌል ባለው ፍላታቸው መታጠቢያ ቤቱና ኩሽናው የሚዋሰኑት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ከላይ የተበሳው የአየር ማስወጫ ደግሞ የማያሳልፈው ነገር የለም። የሽንኩርቱ ቁሌት፣ የማለዳው ስብከት፣ የባልና የሚስት ጭቅጭቅ በዚያች ቀዳዳ ሲገባ ስለኖረ ጆሮዋ ለምዶታል። ሌላ ቀን ቢሆን ቧንቧውን ከፍታ ትታጠብ ነበር። ዛሬ ግን «እሷ» የተባለችው ማን እንደሆነች ወዲያው ገባት። በዚያ ቤት ማንም የሌላት እሷ ብቻ ነበረች። የአጎቷ ሚስት ውብነሽ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ለቃ ሳህን ታጥባለች። የምታናግረው ዌምብሊ የሚኖረውን ልጇን ዐቢይን ነው።

«ማሚ፣ ጠይቃችኋታል ግን?» አለ ዐቢይ። «ዝም ብሎ ኩላሊትሽን ስጪ አይባልም እኮ።»

«እኔ ብጠይቃት እምቢ ትለኛለች። ሽማግሌ ግን እምቢ አይባልም። አባባ ኃይለልዑል ዛሬ አመሻሽ ላይ ይመጣሉ፣ አቶ እንግዳወርቅን ይዘው። ሆስፒታሉ ሰጪዋን ለብቻዋ አስገብቶ ‹ያስገደደሽ ሰው አለ ወይ› ብሎ ነው አሉ የሚጠይቀው። በፈቃዷ መሆን አለበት። በሽማግሌ ከሆነ በፈቃዷ አይደል እንዴ? እኔስ ለአባትህ የተዳርኩት እንዴት ሆነና!»

«ደሙስ? ማች ያደርጋል?»

«ኦ ናት። ለፋሲካ ራሷ አይደለች እንዴ ‹የኔ ደም ለሁሉም ይሆናል› እያለች ገበታ ላይ ስትፎክር የነበረችው?»

ፎክራለች፤ እውነት ነው። ደም ለግሳ በመጣች ሰሞን ነበር። ቫምፓየር ለንደን ቢገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመርጠው እኔን ነው ብላ ቤቱን ሙሉ አስቃለች። ያልሳቀችው ውብነሽ ብቻ ነበረች። ብሩክታዊት በበዓል ቀን የሰይጣን ወሬ ስለተነሳባት ነው ብላ አልፋው ነበር። አሁን የጥርስ ሳሙናው አረፋ አገጯ ላይ እየደረቀ መስታወቱን ስታይ፣ ያን ጊዜ ሴትዮዋ እያሰበች እንደነበር ተረዳች።

አጎቷ ሳህሉ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ክረምት አልፏል። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙ ይታጠባል። እናቷ ስትሞት ከአዲስ አበባ ያስመጣት፣ እንግሊዝኛ ሳታውቅ ትምህርት ቤት በር ድረስ እጇን ይዞ ያደረሳት፣ የኋለኛዋን ክፍል ለቆ የሰጣት እሱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ድረስ በዚያች ክፍል መኖሯ የቤት ኪራይ ስለተወደደ ነው ትላለች ለሰው። እውነቱ ግን እሱን ጥላ መውጣት አልሆነላትም። ኩላሊትሽን ስጪኝ ቢላት እንደምትሰጠው ለራሷ የነገረችውም ዛሬ አይደለም፤ ከመጀመሪያው የማሽን ቀን ጀምሮ ነው። ብቻ እንዲጠይቃት ትፈልግ ነበር። እሱ ራሱ፣ በአፉ።

ቁርስ ላይ ውብነሽ ሁለት እንቁላል ጠብሳ አቀረበችላት። ሙቅ ውኃ አበዛሽ፣ መብራት አላጠፋሽም ስትል የምትውለው ሴት ዛሬ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ከስተሻል ብዪ። ብዪ እንጂ። ሥጋ ቤቱ ጋ ጉበት አስቀምጥልኝ ብዬዋለሁ፤ ኪሎውን ስምንት ፓውንድ አስገብቶታል፣ ሌባ! ግን ላንቺ ምን ይወጣል።» ከዚያ ሹካዋን እየተከታተለች ጠየቀቻት። «የሚያምሽ ነገር የለም አይደል? ስኳር፣ ግፊት፣ እንዲህ ያለ ነገር?»

«የለም።»

«ተመስገን። ዛሬ ማታ ሥራ አትግቢ፣ እንግዳ አለብን። ያን ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሺው፣ ያምርብሻል።»

ብሩክታዊት እንቁላሉን ጨረሰችው። ለምን እንደጨረሰችው አላወቀችም። ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ውብነሽ የሰቀለቻት የእመቤታችን ሥዕል ፊት ለፊት ያለውን የብሩክታዊትን በር ትጠብቃለች። በሩ ላይ አንድ የድሮ ፊልም ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ጥርሱን ያገጠጠ ሰው፣ ከኋላው ጨረቃ። ሥዕሏ የተሰቀለችው ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ነው። ሁለቱ ተፋጠው ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ስለዚህ ጉዳይ ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

የሆስፒታሉ መኪና ሲመጣ ሳህሉ ካፖርቱን ደርቦ፣ ሻርፑን እስከ ጆሮው ጠምጥሞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሊፍቱ ከተበላሸ ሳምንት አልፎታል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ማሽን ሳያገኝ ያደረ ቀን እንዲህ ነው። ድሮ ቤቱን በሳቅ የሚሞላ ሰው ነበር፤ አሁንም ቀልዱ አልተለየውም፣ ትንፋሹ ነው ያጠረው። መኪናው ውስጥ ከብሩክታዊት ጋር ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ሊፍቱ አወሩ። ቤቱን የሚያስተዳድረው የሰፈሩ ካውንስል ኢሜይል አድርጉ ይላል፣ ኢሜይል ሲደረግ ደግሞ ስልክ ደውሉ ይላል። ከዚያ ሁለቱም በየመስኮታቸው ዝም አሉ። ሳህሉ በመኪና ውስጥ ዝም የሚል ሰው አልነበረም።

የእጥበቱ ክፍል ረጅም አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው በየአጠገባቸው ማሽን ቆሟል። ነርሷ ጫልቱ የሳህሉን እጅጌ ሰበሰበችለት። ክንዱ ላይ ሐኪሞቹ ያጋጠሙት ደም ሥር እንደ ጠፍር አብጦ ይርገበገባል። ሁለቱን መርፌዎች ስታስገባ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛውን ጭራቅ ሊሰሙ ነው?» አለች ጫልቱ ቱቦዎቹን በፕላስተር እያሰረች።

«ዛሬ ሁሉንም ነው። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ።»

ብሩክታዊት የምትሠራው ክላፋም ባለች ትንሽ ሲኒማ ቤት ነው፤ ትኬት ትቆርጣለች፣ ፈንዲሻ ትሸጣለች። ኃላፊው የቫምፓየር ፊልም እንደምትወድ ስለሚያውቅ በጥቅምት አንድ ሳምንት ሰጥቷታል፤ ከየአሥር ዓመቱ አንድ ፊልም እንድትመርጥ፣ ከማሳየቱም በፊት ወጥታ ለተመልካች እንድትናገር። የመጀመሪያ ተመልካቿ አጎቷ ነበር። አራት ሰዓት ማሽን ላይ ያለ ሰው የትም አይሄድም። ደሙ በቀጭኑ ቱቦ ጥቁር ቀይ ሆኖ ሲወጣ፣ በሌላው ሲመለስ እያየች ጀመረች። ሌላ ጊዜ ቱቦውን ላለማየት ፊቷን ታዞር ነበር። ዛሬ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«ከሃያዎቹ ዓመታት ድምፅ የሌለውን ነው የማሳየው» አለች። «ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ደም መጣጩን አንድም ጊዜ አታየውም፤ ጠዋት ጠዋት ዱቄቱ ላይ የእግር ዱካ ብቻ ነው የሚታየው፣ ወደ አልጋው የሚሄድ። የሚመለስ ዱካ የለም። እሱን ፊልም ያለ ሙዚቃ ነው ማየት። ሠላሳዎቹ ላይ ሁሉም ካባ ደርቦ መኳንንት ሆነ፤ ግብር የሚያበላ፣ እጅ የሚስም። አንዱን ካየህ ሁሉንም አየህ።»

«የኛዎቹም ካባ ነበራቸው» አለ ሳህሉ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አርባዎቹን በአንድ አጭር ፊልም እዘላቸዋለሁ፣ ጦርነት ነበር፣ ሰው እውነተኛ ደም ጠግቦ ነበር። ሃምሳዎቹና ስልሳዎቹ ቀለም አገኙ፤ ደሙን እንደ ቲማቲም ድልህ ይረጩታል። እሱን ከጓደኛ ጋር ሆነህ እየሳቅህ ነው የምታየው። ሰባዎቹን ግን እንዳትስቅባቸው። አንድ የሌሊት አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አለ። በሽተኛ ነው፤ ሳይጠጣ ካደረ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ይነጣል። የሚያሳዝን ደም መጣጭ ያን ጊዜ ነው የመጣው። እያዘንክለት ሳለ የተሳፋሪዋን አንገት ትረሳታለህ።»

ይህን ስትል አየችው። ዓይኖቹ ተገልጠው ጣሪያው ላይ ነበሩ።

«ሰማንያዎቹ?»

«ፀጉርና የቆዳ ጃኬት። የጥርስ ሐኪም የሆነ አንድ አለ፣ ያስቃል። ሁለት ሺዎቹ ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብተው ፍቅር ያዛቸው፤ እኔ አልወዳቸውም፣ ትኬት ግን ያሸጣሉ። ከሁሉ የምፈራው የቅርቡን ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ደም መጣጩ ሁሉም የሚወደው ሽማግሌ ነው፤ ቀልደኛ፣ የሰው ስም የማይረሳ። ማንም አይሮጥም፣ ማንም አይጮኽም። በየተራ እየመጡ እጅጌያቸውን ራሳቸው ይሰበስባሉ። የመጨረሻዋ ሠራተኛ ስትመጣ ‹አንቺ ደክሞሻል፣ ነገ ይሁን› ይላታል። እሷ ናት እንግዲህ ‹ግድ የለም› የምትለው።»

ማሽኑ ቲክ ቲክ ይላል። ማዶ ያለው ሰውዬ ያንኮራፋል። ሳህሉ እንደ ዋዛ ጠየቀ። «እነዚህ ሰዎች ከገዛ ዘመዳቸውም ይጠጣሉ?»

«መጀመሪያ ከዘመዳቸው ነው። በድሮው ተረታቸው ከመቃብር የወጣ ሰው ቀድሞ የሚያንኳኳው የራሱን ቤት ነው።»

«ለምን?»

«ስለሚከፍቱለት።»

ሳህሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። የአንገቱ ቆዳ ሲሸበሸብ አየች። ያወቀችው ያኔ ነው። ያውቃል። ሽማግሌዎቹን እሱ አልላካቸው ይሆናል፤ ግን ነግረውታል፣ እሱም አትሂዱ አላለም። እንደ ሕፃን አልቅሳ እጁን ብትይዘው ወደደች። በምትኩ ወንበሯን አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ የምትጠይቀኝ ነገር አለ?»

ከንፈሩን አላቀቀ። አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲመጣ ታያት፤ እሷም እሺ የሚለውን ቃል አፏ ላይ አዘጋጅታ ጠበቀች። ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ፣ እዚያው፣ በዚያች ደቂቃ ቢላት፣ ያለቀለት ነገር ነበር። ሳህሉ ግን ምራቁን ውጦ ፈገግ አለ።

«ዘጠናዎቹን ዘለልሽ እኮ» አለ።

ስለ ዘጠናዎቹ ነገረችው። ምን እንዳለችው በኋላ አላስታወሰችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ሳህሉ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተኛ። ብሩክታዊት ክላፋም ወርዳ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ መደበቅ አሰበች፤ ጨለማ ነው፣ ማንም አይጠይቃትም። ግን ደረጃውን ማን ያወጣዋል? ከማሽን የመጣ ሰው እግሩ ጥጥ ነው። ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በየወለሉ እያሳረፈች አወጣችው። ክብደቱ ያልጠበቀችውን ያህል ነበር፤ የከሳ መስሏት ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ «ታስቸግሪያለሽ በኔ» አለ። እኔ ነኝ የማስቸግርሽ ለማለት ፈልጎ አፉ ተሳስቶበት መሆኑ ገብቷታል፤ አላረመችውም።

ቤቱ ታጥቦ፣ የሶፋው ልብስ ተቀይሮ፣ የእንግዳ ወንበሮች ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ጠበቋቸው። ውብነሽ ባሏን በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት አስገባችው። «አንተ አትታይም» ስትለው ተሰማ። በሩ ግን ገርበብ እንዳለ ቀረ፤ ከታች የነጠላ ጫማው ጫፍ ይታያል። ብሩክታዊት ሰማያዊውን ቀሚስ አልለበሰችም። የሥራ ሱሪዋን እንደለበሰች አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በአማርኛ የምትለውን አጠናች። ሰምቻለሁ፤ ላስብበት። ጋሼ ራሱ ይጠይቀኝ። እንግሊዝኛዋ ውስጥ ቀላል የነበረው ነገር በአማርኛ ሲሆን ስድብ ስድብ ይሸታል፤ ደጋግማ አለዘበችው።

ደወሉ ሲደወል ውብነሽ ከፍታ እንግዶቹን አስገባችና ወዲያው ኩሽና ገባች። ይህ ራሱ እንግዳ ነገር ነበር፤ የፖስታ ሠራተኛ እንኳ ተቀመጥልኝ ሳትለው የማትለቅ ሴት ናት። አባባ ኃይለልዑል ሰማንያ ያለፋቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያ ሰበካ ጉባኤ አባል፣ ጉልበታቸውን በቀዶ ጥገና ያሠሩ ሰው ናቸው። ከዌምብሊ በባቡር መጥተዋል። ነጠላቸው ትከሻው ላይ ረጥቧል። አቶ እንግዳወርቅ ከጎናቸው ጃንጥላውን ይዞ ቆሟል፤ ባለ ሱቅ ነው፣ ወሬ የሚችል፣ ለሠርግም ለለቅሶም የማይቀር።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ሥራ እንዴት ነው? አሁንም ያንን ፊልም ታያለሽ?» አሉ አባባ።

«ደህና ነኝ አባባ። አያለሁ።»

«ጭራቅ ከሩቅ ሲታይ ደግ ነው» አለ እንግዳወርቅና ብቻውን ሳቀ።

አባባ ዱላቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመጡት ለትልቅ ጉዳይ መሆኑን፣ አንድ ነፍስ ሊለምኑ መሆኑን፣ ሳህሉ ለእሷ አባት መሆኑን፣ እግዚአብሔር ሁለት የሰጠው አንዱን ለወንድሙ እንዲያካፍል መሆኑን ተናገሩ። ድምፃቸው ቅዳሴ ላይ እንደምትሰማው ለስላሳ ነበር። ሲጨርሱ ብሩክታዊት ያጠናችውን ሳትንተባተብ አለችው። «ሰምቻለሁ አባባ። ላስብበት። ደግሞም ጋሼ ራሱ ቢጠይቀኝ ነው የምወደው።»

«ማሰብማ መልካም ነው» አሉ አባባ።

«አስቢ እንጂ! እስክታስቢ እኛ እዚሁ እንቆማለን» አለ እንግዳወርቅ።

ቆሙም። ብሩክታዊት እንደ ቀልድ ነበር የወሰደችው፤ አሁን ይስቁና ይቀመጣሉ ብላ ጠበቀች። አልተቀመጡም። ወንበሮቹ ከኋላቸው ባዶ ናቸው። ኩሽና ውስጥ ሳህን አይንኳኳም። መኝታ ቤት ውስጥ አልጋ አይንቋቋም። ይህች ልጅ ስንት የሐበሻ ሠርግ አይታለች፤ ሁሉንም ግን ከአዳራሹና ከኬኩ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ምን እንደሚደረግ የነገራት አልነበረም። የአባባ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሱሪያቸው ነው የነገራት፤ ጨርቁ ነፋስ እንደነካው ይርገበገባል። ከዚያ የዱላቸው ጫፍ በተወለወለው ወለል ላይ ሸርተት አለ፤ መልሰው ተከሉት። እንደገና ሸርተት አለ። ከንፈራቸው ነጣ። ከነጠላቸው ጫፍ ውኃ ጠብ ይላል። ይወድቃሉ ብላ አሰበች፤ እዚህ፣ በኔ ምክንያት፣ የሰማንያ ዓመት ሰው። እጇ ከእሷ ቀድሞ ወንበሩን ሳበ።

«አባባ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«ሰማህ?» አሉ አባባ።

«ሰማሁ። ምስክር ነኝ።»

አባባ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ አረፉ። «ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ። ከፍ በይ።» እንግዳወርቅም ጃንጥላውን አስቀምጦ ተቀመጠ። ያኔ ኩሽና ውስጥ እልልታው ፈነዳ።

«ምንድን ነው?» አለች ብሩክታዊት።

«ተቀመጡ አልሽና!» እንግዳወርቅ በደስታ ጭኑን መታ። «ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ነው የሚለምነው። ተቀመጡ ከተባለ ተፈቀደ፣ አለቀ። አልነገሩሽም እንዴ?»

«እኔ እኮ ጉልበታቸውን አይቼ…»

አልተሰማችም። ውብነሽ እያለቀሰች ወጥታ አቀፈቻት፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳመቻት። በሌላው እጇ የያዘችው ስልክ ውስጥ ዐቢይ «እሺ አለች? ማሚ፣ እሺ አለች?» ይላል። የውብነሽ አንድ እጅ ተቃቅፈው ከተላቀቁም በኋላ ብሩክታዊት ጎን ላይ ቀረ፤ ከጎድን አጥንቷ በታች፣ ሞቅ ያለ፣ የማይንቀሳቀስ። «ቅዳሜ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። አፕላይ ማድረጊያውን ፎርም ዐቢይ ይሞላልሻል» አለች።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሳህሉ በጋቢ ተጠቅልሎ መቃኑን ይዞ ቆመ። ብሩክታዊት የቀረላትን ተስፋ ሁሉ ሰብስባ አየችው። ወንበር ስትስብ ገርበብ ባለው በር አይቷታል። እሺ ማለቷ እንዳልሆነ ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ተዉ፣ አላወቀችም ቢል። ወይም አሁንስ እንኳ ቀረብ ብሎ፣ ልጄ ትሰጪኛለሽ ወይ ቢል። ሳህሉ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ብሩክታዊት የውብነሽን እጅ ከጎኗ ላይ አነሳችው።

«አባባ፣ ይነሱ» አለች።

እልልታው የተቆረጠው አፍ ውስጥ ነው። እንግዳወርቅ በትክክል ያልሰማ መስሎት ወደ ሽማግሌው ዞረ። አባባ ጆሯቸውን አቀረቡ። «ምን አልሽኝ ልጄ?»

«ይነሱ ነው ያልኩት። ሁለታችሁም ተነሱ። እኔ እሺ አላልኩም።»

«ብሩክታዊት!» ውብነሽ ጮኸች። ስልኩ ውስጥ ዐቢይ «ሃሎ? ሃሎ? ምን ተፈጠረ?» ይላል። ሳህሉ መቃኑን እንደያዘ ነው፤ ዓይኑ ከወለሉ አልተነሳም። በዚያ ሳሎን፣ በዚያ ሰፈር፣ አባባ ኃይለልዑልን ከወንበር ያስነሳ ሰው ኖሮ አያውቅም። እሷ ግን ሦስተኛ ጊዜ፣ በጨዋ ደንብ፣ በአንቱታ ደገመችው። «ይነሱልኝ አባባ።»

አባባ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ሁለት መዳፋቸውን ላዩ ላይ ደራረቡ። የታመመ ልጅ እንደሚታይ በርኅራኄ አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸውን ከእሷ አንስተው፣ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ ደህና አድርገው አመቻቹ።

«ውብነሽ» አሉ፣ «እስቲ ሻይ አምጪልን።»